142 አዲስ አበባ ላይ ስንት ነው? ብዙ የሠራ ሞተር ኮምፕሬሽን ሲለካ

ለወጣት መካኒኮችና ያገለገለ መኪና ለመግዛት ላሰቡ ሰዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ሰላምታውን አላስረዝምም፤ በቀጥታ ወደ አንድ ቁጥር እንግባ። 142።

የቶዮታ ኮሮላን 1.6 ሊትር ሞተር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለውን። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ እንደሚለው ይህ ሞተር ጤነኛ ሲሆን ኮምፕሬሽኑ፣ ማለት ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ 192 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ነው። ከዚያ በታች መውረድ የሌለበት መጨረሻው ገደብ 142 ነው። በሲሊንደርና በሲሊንደር መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ 14። ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ በስልካችሁ ብትፈልጓቸው ታገኟቸዋላችሁ። ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል።

አንድ ገዢ መኪናውን ይዞ ጋራዥ ይገባል እንበል። መካኒኩ አራቱንም ሲሊንደር ይለካል፤ 141፣ 139፣ 140፣ 138 ያገኛል። ስልኩን አውጥቶ መጽሐፉን ያያል፤ ገደቡ 142 ነው። «ይቅርብህ ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር አልቋል፤ መውረዱ አይቀርም» ይለዋል። ገዢው አመስግኖ ይሄዳል፤ ሻጩ ባለማወቁ ዋጋ ይቀንሳል፤ ምናልባትም ምንም ያልሆነ ሞተር ተፈትቶ ሪንግ (በፒስተኑ ዙሪያ አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ቀለበት) እና ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ) ይቀየርለታል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ አራቱም ሲሊንደር 140 አካባቢ ያነበበ 4ኤ-ኤፍኢ ካገኛችሁ ያ ሞተር እንደ አዲስ ነው። ተደራድራችሁ ግዙት።

ምክንያቱ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እናቶቻችን ባቄላና ሽንብራ ለማብሰል ድስቱን ረጅም ሰዓት እሳት ላይ የሚያቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር የሚጨምቀውም ይህንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበው ከውጭ ያለውን ነው፤ ከዚያ በላይ ከየት ያመጣል? የኮምፕሬሽን ጌጅ ደግሞ የሚያሳየን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ የውጭው አየር በሩብ ሲቀንስ ጌጁ ላይ የምናነበውም በሩብ ይቀንሳል። የመጽሐፉ ቁጥሮች የባሕር ጠለል አየርን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ስለዚህ 192 በ0.75 ሲባዛ 144 ነው፤ 142ም በ0.75 ሲባዛ 107 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ የምንሠራ ሰዎች ገደባችን 107 ነው ማለት ነው። ይህችን ቁጥር በጋራዣችሁ ግድግዳ ላይ ጻፏት።

ሌላ ከተማ የምትሠሩም አላችሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ በ0.87 አባዙ። አዳማና ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናቸው፤ 0.81። ባሕር ዳር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ 0.80 ያዙ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ስላለች 0.71 ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ከአቃቂ ቃሊቲ ሽሮ ሜዳ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ስምንት ዘጠኝ ፒኤስአይ ያህል ያወርዳል። በዚህ ግን አትጨነቁ፤ ርካሽ ጌጅ ራሱ ከዚያ በላይ ይሳሳታል።

በነገራችን ላይ ይህ ስሌት ብዙ ጠብ የሚያበርድ ነው። ከዱባይ የመጣ መኪና ከነምርመራ ወረቀቱ ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ኮምፕሬሽኑ 180 ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ሲለካ 135 ይሆናል። ገዢው «ተጭበረበርኩ» ይላል፤ አስመጪው ይምላል ይገዘታል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። 180 በ0.75 ሲባዛ ልክ 135 ነው። ዱባይ ባሕር ዳር ናት፤ መኪናው መንገድ ላይ ምንም አልሆነም።

እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። አንዳንዱ የኮምፕሬሽን ሬሾውን፣ ማለት አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚነግረውን ቁጥር፣ ወስዶ በአየር ግፊት ያባዛል፤ የ4ኤ-ኤፍኢ ሬሾ 9.5 ነው፣ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት በ14.7 ሲባዛ 140 ይሆናል፣ ስለዚህ 192 ስህተት ነው ይላል። ስህተቱ ግን የራሱ ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ግፊቱን ከሬሾው በላይ ያሳድገዋል። ይህን የማነሳው ሒሳብ ለማስተማር አይደለም። ያ ሙቀት በቶሎ ካልተለካ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይጠፋል፤ አየሩም ቀስ ብሎ በሪንጉ በኩል ያመልጣል። ስለዚህ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ሲዞር ፍጥነቱ ካነሰ ንባቡ ይወርዳል። መጽሐፉ በደቂቃ ቢያንስ 250 ዙር የሚለው ለዚህ ነው። የደከመ ባትሪ ይዛችሁ የምታነቡት ቁጥር የሞተሩን ጤና አይነግራችሁም።

ስለ አለካኩ በአጭሩ ልበል፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁና። ሞተሩ ሞቆ የሥራ ሙቀቱ ላይ ይድረስ። የዲስትሪቢዩተሩን ሶኬት ንቀሉ፤ በዚህ ሞተር ላይ ብልጭታውም ነዳጁም አብሮ ይቆማል። አራቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ፍቱ፤ አንድ ብቻ ፈትቶ መለካት ሞተሪኖውን ያደክማል፣ ፍጥነቱንም ያበላሻል። ረዳታችሁ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥ፤ ስሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ከተዘጋ አየር አይገባም፣ አየር ካልገባ የሚጨመቅ ነገር የለም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አምስት ስድስት ምት እስኪሞላ አዙሩ፤ ለአራቱም እኩል። ፔዳል የሚረግጠው ሰው መሐል ላይ ስልክ ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር በአንዴ «ሞተ»።

ስለ ጌጁ አንድ ነገር። ሶማሌ ተራ የሚሸጠውን ርካሽ ጌጅ ገዝታችሁ ብትሠሩበት ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ተጠንቀቁ። ስትበላሽ ብዙ ሰው የጎማ ቫልቭ ይተካባታል። መልካቸው አንድ ነው። የጎማው ስፕሪንግ ግን ጠንካራ ነው፤ ለመክፈት ብቻ ግፊት ይበላና ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል። ጌጃችሁን በአንድ ጤናው በሚታወቅ ሞተር ላይ ከሌላ ሰው ጌጅ ጋር አስተያዩት።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸውና። ብዙ ኪሎ ሜትር የሠራ ሞተር ላይ አንድ ቁጥር ለብቻው ምንም አይነግርም። የሚናገረው ዝምድናው ነው፤ ሲሊንደር ከሲሊንደር፣ የመጀመሪያው ምት ከመጨረሻው ምት፣ ደረቁ ልኬት ዘይት ከተጨመረበት ልኬት። የኦዶሜትሩን ቁጥርማ እርሱት። ወደ ኋላ የዞረ ኦዶሜትር ገበያው ውስጥ ሞልቷል፤ ኮምፕሬሽን የምንለካው መጀመሪያውኑ እርሱን ስለማናምነው አይደል?

በምት እንጀምር፤ ብዙ ሰው የማያየው ይህንን ነውና። ጌጁን ተክላችሁ ሞተሩን ስታዞሩ መርፌው እንዴት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ጤነኛ ሲሊንደር በመጀመሪያው ምት ብቻ ከመጨረሻው ግማሽ በላይ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ላይ 75 እንበል፣ ከዚያ 115፣ ከዚያ 132፣ 140 ላይ ይቆማል። ሪንጉ የተበላ ሲሊንደር ግን በዝግታ ይወጣል፤ 40፣ 65፣ 85፣ 100፣ 110። በእያንዳንዱ ምት ጥቂት ይጨምራል፤ ብታዞሩት አሁንም ይጨምራል። ቫልቩ የማይገጥም ሲሊንደር ደግሞ 35 ይልና 50፣ 58፣ 60 ብሎ ይገተራል። የቱንም ያህል ብታዞሩት አይሄድም፤ የገባውን ያህል ያስወጣዋላ። መጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚጽፍ መካኒክ ይህን ሁሉ ያመልጠዋል። እኔ ተማሪዎቼን የመጀመሪያውን ምት በአንድ ዓምድ፣ የመጨረሻውን በሌላ ዓምድ ነው የማስጽፋቸው።

ቀጥሎ የዘይቱ ሙከራ። ዝቅ ያለውን ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ሞተሩን ጥቂት አዙራችሁ እንደገና ለኩ። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ወርዶ የሪንጉን ክፍተት ለጊዜው ይሞላዋል። ንባቡ ብዙ ከጨመረ በሽታው ከታች ነው፤ ሪንግ ወይም የተበላ ሲሊንደር። ካልጨመረ ከላይ ነው፤ ቫልቭ፣ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ። ጤነኛ ሲሊንደርም ቢሆን ዘይት ሲጨመርበት ጥቂት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሙከራውን በጤነኛው ላይም ሠርታችሁ አወዳድሩ።

ጥቂት ምሳሌ ላንሳ። ሁሉም አዲስ አበባ ላይ፣ 4ኤ-ኤፍኢ ነው እንበል።

138፣ 135፣ 98፣ 136። ዘይት ሲጨመርበት ሦስተኛው 101 ሆነ። ይህ የቫልቭ ጉዳይ ነው፤ ሦስቱ ሲሊንደሮች ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ቴስታታውን ለማውረድ አትቸኩሉ። በዚህ ሞተር የቫልቩ ክፍተት፣ ማለት በቫልቩና በሚገፋው ካም መካከል ያለው፣ የሚስተካከለው በሺም (በቀጭን የብረት ክብ) ነው። ቫልቩና መቀመጫው ሲበሉ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል፣ በተለይ ሲሞቅ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ክፍተቱን ለኩ፤ የመጽሐፉ ልክ ለማስገቢያ ቫልቭ ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለማስወጫ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ምንም ክፍተት ካጣችሁ ምናልባት ችግሩ በአንድ ሺም ያልቃል። ሺሙን ቀይራችሁም ንባቡ ካልተመለሰ ቫልቩ ተቃጥሏል፤ ያን ጊዜ ቴስታታው ይውረድ።

ሁለተኛው ምሳሌ፣ 140፣ 85፣ 82፣ 139። ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ሲወርዱ ሌላ ነገር አትፈልጉ፤ በመካከላቸው ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። አንዱ የሚጨምቀውን ለሌላው ይሰጠዋል። ራዲያተር ውስጥ አረፋ ላይኖር ይችላል፤ ዘይቱም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። «ውሃ አይቀንስም፣ ስለዚህ ጓርኒሲዮን አይደለም» የምትሉ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየቀኑ የሚገጥማችሁ እሱ ነውና። 113፣ 110፣ 109፣ 112። ዘይት ሲጨመር ሁሉም ወደ 140 ወጡ። ሪንጉና ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ግን እኩል ነው የተበላው። ሞተሩ ጠዋት ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይ አይንቀጠቀጥም፣ ከ107 ገደቡም በላይ ነው። ይህ ሞተር መሞቻው ደርሷል ወይ ብትሉኝ፣ የለም እላለሁ። እኩል ያረጀ ሞተር ከአንድ የታመመ ሲሊንደር ጋር ካለ ወጣት ሞተር የተሻለ ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል፣ ዘይት በየጊዜው ይጠይቃል። ለገዢ የምለው፣ ዋጋው ላይ የሞተር እድሳት ወጪን አስቀንስና ግዛው፤ እድሳቱን ግን ዛሬ አታድርገው። ደግሞም ሁሉም እኩል ዝቅ ሲሉ ከማልቀሳችሁ በፊት የታይሚንግ ቺንጋውን እዩ። ቺንጋው አንድ ጥርስ ከዘለለ ማስገቢያ ቫልቩ ያለ ሰዓቱ ስለሚዘጋ የአራቱም ኮምፕሬሽን በአንድነት ይወድቃል። ያን ጊዜ ግን ዘይቱ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የሁለቱ ልዩነት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ተንኮሉ። ከፍታው የታችኛውን ገደብ ብቻ አይደለም የሚያወርደው፤ ጣሪያም ያበጅልናል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሞተር 145 አካባቢ ጣሪያው ነው። ሻጩ «ና ለካ፣ 175 ያነባል» ካላችሁ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ነው። ወይ ጌጁ ይዋሻል፤ ወይ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት በካንዴላ ቀዳዳው ወፍራም ዘይት ተጨምሯል፤ ወይ ፒስተኑ አናት ላይ ካርቦን ተከምሮ ክፍሉን አጥብቦታል። «ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተላጭቶ ነው» የሚልም ይኖራል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢላጭ የዚህ ሞተር ሬሾ ከ9.5 ወደ 9.9 ቢደርስ ነው፤ ግፊቱን አምስት ስድስት በመቶ ቢጨምር ነው። ከ144 ወደ 175 አያደርስም። ዘይት መጨመሩን ለማወቅ ካንዴላዎቹን ስትፈቱ ጫፋቸውን እዩ፤ ትኩስ ዘይት ያበራል። ሞተሩን አስነሥታችሁ ሃያ ደቂቃ ንዱት፣ ተመልሳችሁ ለኩ። ሻጩ እንዳይነዳ ከከለከለ መልሱ ተሰጥቷችኋል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሳይነሳ ብዙ የተሞከረ፣ ቤንዚን የጠጣ ሞተር የሲሊንደሩ ዘይት ይታጠባል፤ ኮምፕሬሽኑም ያለ ጥፋቱ ይወርዳል። ለወራት የቆመ መኪናም እንዲሁ ነው። ቀድማችሁ አትፍረዱ፤ አስነሥታችሁ አሙቁትና ከዚያ ለኩት።

ኮምፕሬሽን የማያየው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስ፣ ግን 130፣ 131፣ 129፣ 130 የሚያነብ መኪና ይመጣላችኋል። ባለቤቱ «ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው፣ ጭሱ ምንም አይደለም» ይላል። ኮምፕሬሽንን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለት ሪንጎች ናቸው። ዘይት የሚጠርገው ሦስተኛው ነው። እሱ በካርቦን ተጣብቆ ቢሞትም ጌጁ አያውቅም። የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ቢደርቅም ጌጁ አያውቅም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የቶዮታ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተሮች ዘይት በመብላት የታወቁት በዚሁ ነው፤ በፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመልሱት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ሪንጉ ይጣበቃል፣ ኮምፕሬሽኑ ግን ደህና ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። የብሮንዚን መበላትንም፣ የዘይት ፖምፓ መድከምንም ጌጁ አይነግርም። ለእነዚህ የዘይት ግፊት መለኪያ አለ፣ ጆሮም አለ።

አቅሙ ላላችሁ ጋራዦች የምመክረው የሊክዳውን መሣሪያ ነው። ኮምፕሬሰር ካላችሁ በጣም ውድ ዕቃ አይደለም። ፒስተኑን የጭመቃ ምቱ ጫፍ ላይ አድርሳችሁ በካንዴላው ቀዳዳ የታወቀ ግፊት ያለው አየር ትልካላችሁ፤ ምን ያህሉ እንደሚያመልጥ በመቶኛ ይነግራችኋል። ጨማቂው ኮምፕሬሰሩ እንጂ ፒስተኑ ስላልሆነ የአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይነካውም። ከ10 በመቶ በታች በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ለሠራ ሞተር እስከ 20 በመቶ አይከፋም፤ 30 ካለፈ ይታሰብበት። ከመቶኛው ይልቅ የሚጠቅመው ግን ድምፁ ነው። በአየር ማጣሪያው በኩል ሲያፏጭ ማስገቢያ ቫልቭ፤ በማርሚታው ሲያፏጭ ማስወጫ ቫልቭ፤ በዘይት መሙያው ሲነፍስ ሪንግ፤ ራዲያተሩ አረፋ ሲያወጣ ጓርኒሲዮን። ሞተር ሳይፈታ የበሽታው ቦታ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሳበት ምክንያት አለኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስመጣት አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወስኗል። ኤሌክትሪኩ መምጣቱን አልቃወምም። ግን አገር ውስጥ ያለው ቤንዚን ሞተር ለብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል፤ ኪሎ ሜትሩም በየዓመቱ ይጨምራል። ደህናውን ሞተር በተሳሳተ ቁጥር እያወረድን የምናባክነው መለዋወጫ ከእንግዲህ ቀላል አይደለም። «መጽሐፉ ላይ 142 ይላል» ብሎ ሞተር የሚያወርድ መካኒክ በእኔ እምነት መጽሐፉን አላነበበም፤ ቁጥሩን ነው የገለበጠው።

ጥያቄ ካላችሁ ልስማ።

(አንዲት ሠልጣኝ ሪንግ ብቻ ቀይሮ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች።)

ይቻላል እህቴ፤ ግን ሲሊንደሩን ሳትለኪ አይደለም። ሲሊንደር እኩል አይበላም። አናቱ ላይ፣ ሪንጉ በሚመለስበት ቦታ ብዙ ይበላል፤ ከታች ጥቂት ነው። ጥፍርሽን ከላይ ወደ ታች ብትጎትቺው ሪንግ የማይደርስበት ከንፈር ይዞ ያስቆምሻል። አዲስ ሪንግ በዚያ ውስጥ ብታስገቢ ላይ ሲደርስ ይሰፋል፣ ታች ሲደርስ ይጠባል፤ የላይኛው ሪንግ ከንፈሩን ሲመታ ሊሰበርም ይችላል። ስለዚህ በቦር ጌጅ (በሲሊንደር ስፋት መለኪያው) ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ለኪ፤ በሁለት አቅጣጫም ለኪ። ከልክ ውጭ ከሆነ ብሎኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ በኦቨርሳይዝ ፒስተን ይሠራ። ልክ ውስጥ ከሆነ ግድግዳውን በሆን (በማሻከሪያው ድንጋይ) አሻክሪና ሪንግ ብቻ በቂ ነው። ቫልቮቹን ግን አብረሽ አስገጥሚ፤ ከታች ኮምፕሬሽን ስትመልሺ ከላይ ያለው ደካማ ቫልቭ ወዲያው ይጋለጣል።

(አንድ የሚኒባስ ሹፌር የዶልፊናቸው ናፍጣ ሞተር ደብረ ብርሃን ሲያድር ጠዋት እንደማይነሳ፣ አዲስ አበባ ግን እንደሚነሳ ተናገሩ። ኮምፕሬሽኑ ሞቆ ሲለካ 290 ነው ተብለዋል።)

ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ናፍጣን ሳላነሳ ልጨርስ ነበር። የእርስዎ መኪና ሞተር የቶዮታ ኤል ቤተሰብ ከሆነ፣ ማለት 2ኤል ወይም 3ኤል፣ መጽሐፉ 455 ፒኤስአይ መደበኛ፣ 284 ገደብ ይላል፤ ልዩነቱ ከ71 እንዳይበልጥ። አዲስ አበባ ላይ ሲባዛ 341 እና 213 ነው። ስለዚህ 290 አዲስ አበባ ላይ ከተለካ አርጅቷል እንጂ አልሞተም። አራቱም እኩል መሆናቸውን ግን ጠይቁ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ከነገሯችሁ ልኬቱ ጎደሎ ነው።

ናፍጣ ላይ ግን ማባዛቱ ሁሉንም አይፈታም። ቤንዚን ሞተር ብልጭታ አለው፤ ናፍጣ የሚቀጣጠለው በጭመቃው ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን አየሩ ይሳሳል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ሞተሪኖው በዝግታ ያዞራል። የተበላ ሪንግ ደግሞ ዝግታን አይወድም፤ የሞቀው አየር ያመልጥበታል። ለመበላቱ መለኪያ ቁጥሩን በከፍታ አስተካክለን እናነባለን፤ ሞተሩ ግን መነሳት ያለበት እዚያው ብርድ ላይ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ለመካኒኮቹ፣ ናፍጣ ሞተር ላይ ዘይት ጨምራችሁ አትለኩ። የጭመቃ ክፍሉ በጣም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ዘይት ንባቡን ያበላሸዋል፤ ከበዛ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። የቤንዚን ጌጅም አትትከሉበት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ጋሼ፣ እርስዎ ግን ሪንግ ከማሰብዎ በፊት ካንዴሌታዎቹን (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያዎቹን) ያስፈትሹ። ኮምፕሬሽን ለመለካት እነሱ መፈታታቸው አይቀርም፤ ጌጁ የሚገባው በእነሱ ቀዳዳ ነው። ሲፈቱ አንድ በአንድ በመልቲሜትር ይታዩ፤ የተቃጠለ ካለ ይቀየር። መቆጣጠሪያ ሪሌውም ኮረንት እየላከ መሆኑ ይታይ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ያሳድሩትና ጠዋት ይሞክሩት። አሁንም እምቢ ካለ ባትሪውንና ሞተሪኖውን እናያለን፤ የሪንጉ ወሬ ከዚያ በኋላ ነው።